ባዶውንም ላኪልኝ

ከባለቤቴ ከገዛኸኝ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የክሊማ ማጣሪያ ማጠብ ነበር። ክሊማ የምንለው እዚህ ጅቡቲ ያለ እሱ የማይታደረውን የግድግዳ ማቀዝቀዣ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ካምሲን የሚሉት አሸዋማ ነፋስ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ እናጥበዋለን። እሱ ወንበር ላይ ይወጣል፤ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ።

«ያዝሽ?»

«ይዣለሁ።»

«ባለፈው ዓመትም ይዣለሁ እያልሽ ስልክ ስታወሪ ነበር።»

«ወደቅህ እንዴ?»

«ስላልወደቅኩ ነዋ የማስታውሰው!»

ማጣሪያውን አቀበለኝ። ቧንቧ ሥር ሳደርገው ሻይ የመሰለ ውሃ ወረደ። መልሶ ገጠመው፣ አበራው፣ ጆሮውንም አስጠጋ። ዕድሜውን ሙሉ የማቀዝቀዣ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው። «ተነፈሰ» አለ። ከዚያ ወርዶ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከወትሮው ትንሽ ቆየ። መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም የለም።»

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አረፈ።

የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ሥራዬን ሳልናገር ያን እሑድ መናገር አልችልም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ከሁለት መስመር አላልፍም።

የተወለድኩት እዚሁ ነው። አባቴ በባቡሩ ሥራ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። ትምህርቴ በፈረንሳይኛ ነበር፤ አማርኛን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተማርኩ። ራስ ዲካ አካባቢ፣ ከአሮጌው ወደብ ብዙ በማይርቅ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ስገባ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራችን ከመርከብ የወረደ ዕቃ ተቀብሎ ወደ ኢትዮጵያ መላክ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለዓሣ ይበቃል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። እሳቸውም የባቡር ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በረሃ መካከል ባለች ትንሽ ጣቢያ የስልክ ሠራተኛ ሆነው ሠርተዋል። ወደ እኛ ሲመጡ የዕለት መዝገብ ያዥ ሆኑ። ጠረጴዛቸው ላይ እርሳስ፣ ማስመሪያና የነሐስ ደወል ብቻ ነበር፤ ደወሏን ደውለዋት አያውቁም። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ወደ ኮንቴይነር ግቢው ይደውላሉ። ችግር ቢኖርም ባይኖርም ይደውላሉ። ችግር ከሌለ ሰዓቱን ይጽፉና ከጎኑ «ምንም የለም» ይላሉ። ባዶ የቀረውን የገጹን ክፍል በማስመሪያ ያሰምሩበታል፤ በኋላ ማንም ምንም እንዳይጨምርበት።

አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ምንም ከሌለ ምን ያስጽፋል?»

ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ በእኛ ጣቢያ በቀን አንድ ባቡር ቢያልፍ ነው። በየሰዓቱ ግን ለሚቀጥለው ጣቢያ እደውላለሁ። ‹ምንም የለም› እለዋለሁ፤ ‹ሰማሁ› ይለኛል። እሱ ካልመለሰ ባቡሩን አልለቅም። ሐዲዱ ተቆርጦ ይሆናል፣ ሰውየው ታሞ ይሆናል። ዝምታ አረንጓዴ መብራት አይደለም።»

ሰላምታቸውም እንደዚያው ነበር። እንዴት አደርሽ ይላሉ፤ ደህና እላለሁ። ደህና ነሽ ይላሉ፤ ደህና እላለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ዓይኔን እያዩ፣ «እውነት ደህና ነሽ?» ይላሉ። «የመጀመሪያው ደህና ለሰላምታው ነው» ይሉኝ ነበር። «ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው። ሰውየው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።» እናቴ በታመመች ጊዜ ያለቀስኩት ሦስተኛው ላይ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተርና የሥራ ሶፍትዌር መጣልን። ኮንቴይነሩ መቼ ገባ፣ የት ቆመ፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ስንት ነው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይመዘገባል። ሥልጠናው ላይ ከእኛ ክፍል የተላክሁት እኔ ነበርኩ፤ ወንዶቹ ጽሕፈት መኪና የሴት ነው ብለው ስለተዉልኝ ነው። በዚህ ዛሬም እስቃለሁ።

ሶፍትዌሩ የጠየቁትን ይመልሳል፤ ያልጠየቁትን ግን አይናገርም። በየማለዳው ሪፖርት እከፍታለሁ፣ ቀን እሞላለሁ፣ አትማለሁ፣ ወረቀቱን ይዤ በዚያ ሙቀት ወደ ግቢው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሳልጠይቀው ራሱ ቢነግረኝስ ብዬ አሰብኩ። መመሪያ መጽሐፉን ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። ሻጮቹ ያላሰቡትን ነገር ለመጨመር ወራት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሪፖርቱን ጥያቄ በስም አስቀመጥኩ። ቀጥሎ የሰዓት ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የትኛው ሪፖርት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን። ከዚያም ሰዓቱ ሲደርስ የሚነቃ፣ ሪፖርቱን የሚያወጣ፣ በኢሜይል የሚልክና መላኩን የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለኢትዮጵያ ደንበኞች በአማርኛ የላክኩት የመጀመሪያው መልእክት ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ። ፊደሉ የሚሄድበትን መንገድ አገኘሁና ደግሜ ላክኩ። ካዛንቺስ ካለ ቢሮ አንድ የማላውቀው ሰው «አማርኛ ነው! ማን ነው የጻፈው?» ብሎ መለሰ።

የመጀመሪያው ሪፖርት በራሱ የሄደበት ማለዳ ቤቴ ነበርኩ፤ ፊቴን እየታጠብኩ። ቢሮው ተቆልፏል፣ ማንም የለበትም። ስልኬ ጮኸ፤ ሪፖርቱ ደረሰ። እኔ ያልኩትን ቃል፣ እኔ ባልኩት ሰዓት፣ ያለ እኔ እጅ ተናገረ። ፎጣውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወንጌል ሲነበብ የሚሰማኝ ዓይነት ዝምታ ያዘኝ፤ እንዲህ ማለቴን ቄስ አይስሙብኝ።

ገዛኸኝን ያወቅኩት በዚሁ ሪፖርት ነው። የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፎርማን ነበር። የመጀመሪያውን ሪፖርት አትሞ፣ አርባ ገጹን በሁለት እጁ ተሸክሞ ቢሮዬ መጣ።

«አንቺ ነሽ ይሄን የላክሽው?»

«አዎ። ጎደለ?»

«እህቴ፣ ይሄን አንብቤ ስጨርስ ዕቃው ይበሰብሳል። እኔ ማወቅ የምፈልገው የትኛው ኮንቴይነር ታመመ የሚለውን ነው። ጤነኞቹን ምን አድርግ ነው?»

ተናድጄ ነበር። ግን ልክ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሙቀታቸው ያልተነበበላቸውንና ከልካቸው የወጡትን ብቻ የሚዘረዝር ሠራሁለት። ቁጥራቸውን ደግሞ ኢሜይሉ ርዕስ ላይ አደረግኩት፤ ሳይከፍት እንዲያውቅ። በማግስቱ መጥቶ «አሁን ሰው ሆንሽ» አለኝ። በዓመቱ ተጋባን።

አሁን ወደ ከባዱ እደርሳለሁ።

አለቃችን ሙሴ ሮብሌ ነበሩ፤ ቀልጣፋ፣ ፈጣን፣ ብዙ ኢሜይል የሚጠሉ። «ማዳም ጽጌ» አሉኝ አንድ ጠዋት፤ «በቀን ሁለት ጊዜ ‹ምንም የለም› የሚል ደብዳቤ ትልኪልኛለሽ። ምንም ከሌለ ለምን ትጽፊልኛለሽ? ባለቤቴ እንኳ ምንም ከሌለ አትደውልልኝም።» ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ አትላክ። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጋሽ ወርቅነህ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ቢኖሩ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ማወቄን ገፋ አድርጌ አለፍኩ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ሰርቨሩ ተነሣ፤ ሪፖርት የሚቀሰቅሰው የእኔ ትንሽ ፕሮግራም ግን አልተነሣም። እዚህ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። በዕረፍት ቀን ችግር ካለ ገዛኸኝ ቤቱ ሆኖ በኢሜይል ያውቃል፤ ያውቅና ይሄዳል። ዓርብ ዕለት ከየመኖቹ ምግብ ቤት በእሳት የተጠበሰ ዓሣ በላን። ስልኩን አየና «ዛሬም ምንም የለም፤ ተመስገን» አለ። ቅዳሜም እንዲሁ። ያን ዓሣ እስካሁን አስታውሳለሁ፤ እንዴት ጥሩ ነበር!

እሑድ ማለዳ ገዛኸኝ ግቢው በር ላይ እንደደረሰ ቆመ። የማቀዝቀዣዎቹ ሞተሮች አብረው ሲጮኹ ለእኔ አንድ ጩኸት ናቸው፤ ለእሱ ግን መዘምራን ናቸው። «አንድ ድምፅ ጎድሎኛል» አለ። ሄዶ አገኘው። ሐሙስ ማታ አንድ ኮንቴይነር ቦታ ሲቀየር ሶኬቱ ተነቅሎ ቀርቷል። ተረኛው አዲስ ነበር፤ የተሰጠው የኮንቴይነር ዝርዝር ላይ ስለሌለ ሙቀቱን አላነበበውም። ውስጡ ለስኳር ሕመምተኞች የሚወጋ ኢንሱሊን ነበር፤ ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ። በጅቡቲ ፀሐይ ሁለት ቀን ተኩል።

ባለንብረቷ ወይዘሮ ፈቲያ የሚባሉ የድሬዳዋ መድኃኒት አስመጪ ነበሩ። በማግስቱ ደረሱ። ይጮኻሉ፣ ይሰድቡናል ብለን ቆመን ጠበቅናቸው። አልጮኹም። የተከፈተውን በር ይዘው ወደ ውስጥ አዩ። «ወረፋ ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» አሉ። «ምን ልበላቸው?»

ገዛኸኝ «ፎርማኑ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ…» ብሎ ጀመረ።

«የእሱ አይደለም» አልኩ። «የሚነግረው ማሽን ነበረ። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ዞረው አዩኝ። «ማሽኑ ዝም ሲል ምን መሰላችሁ?»

«ደህና ነው ብለን ነው።»

«ደህና» አሉ ቀስ ብለው።

ሙሴ ሮብሌ አዘውኝ ነው ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን እሳቸው የባቡሩን ታሪክ አልሰሙም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ምትኩ መድኃኒት ከሳምንታት በኋላ መጣ። በእነዚያ ሳምንታት ድሬዳዋ ውስጥ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አለመጠየቄንም አልረሳሁም።

ቅጣቱ ገዛኸኝ ላይ ወደቀ። ከፎርማንነት ወርዶ መፍቻ ያዘ። እኔ ማስጠንቀቂያ በወረቀት ተሰጠኝ። ቤት ስንገባ የሚናገረኝን ጠበቅኩ። ሐብሐብ ቆረጠ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ አወጣ፣ ግማሹን ወደ እኔ ገፋው። ሳያየኝ እንዲህ አለ፦ «ከነገ ጀምሮ ባዶውንም ላኪልኝ።»

በዚያው ሳምንት ያቺን መስመር አጠፋሁ። ሪፖርቱ በየቀኑ፣ ቢኖርም ባይኖርም፣ እንዲሄድ አደረግኩ። ባዶም ሲሆን ስንት ኮንቴይነር እንደተነበበና የመጨረሻው ንባብ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፤ «ምንም የለም» ያለው አይቶ ይሁን ተኝቶ እንዲታወቅ። በሌላ ክፍል፣ በሌላ መብራት መስመር፣ ሁለተኛ ማሽን አቆምኩ፤ ሥራው የመጀመሪያው መናገሩን መጠበቅ ነው። ኮርቼ ሙዝ ገዛሁና ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄጄ ነገርኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ሁለተኛው ዝም ቢልስ?»

«ሦስተኛ አቆማለሁ።»

«እስከ ስንት ልትደርሺ ነው? ጅቡቲን በማሽን ልትሞያት?» ሳቁና ሳል ያዛቸው። ሲተዋቸው ጊዜ «መጨረሻው ላይ ሰው አድርጊ» አሉኝ። «ሰውየው ሰማሁ ካላለ ንግግሩ አላለቀም።»

ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል ሠራሁ። ሪፖርቱ የሚደርሰው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ያልመለሰ ሰው ስሙ ለቢሮው ይሄዳል፤ ቢሮው ይደውልለታል። የግቢው ሰዎች አጉረመረሙ። «ትምህርት ቤት ገባን እንዴ? አቤት ልንል ነው?» አሉ። ሙሴ ሮብሌ ግን አንድ ቀን አልዘለሉም። ስለ ኮንቴይነሩ ከእኔ ጋር አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየማለዳው «ደርሶኛል» አሉ። ይቅርታቸው እሱ ይመስለኛል።

ገዛኸኝ በሁለት ዓመቱ ወደ ፎርማንነቱ ተመለሰ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሪፖርቱ ሲመጣ አጠገቤ ተኝቶ መነጽሩን ይፈልጋል፣ አንብቦ ይመልሳል።

«እኔ እኮ አጠገብህ ነኝ» እለዋለሁ። «ለእኔ ንገረኝና ይብቃ።»

«አንቺ ሚስቴ ነሽ» ይላል። «ይሄ ሥራ ነው።»

እሱ ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ተከተልኩ። የጡረታው ወረቀት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እተወዋለሁ። ቦታዬን የወሰደችው ኢፍራህ ናት፤ የጅቡቲ ልጅ፣ ድሬዳዋ ተምራ አማርኛ ይዛ የመጣች። ሥራውን ሳስረክባት የገዛኸኝን ስም ከዝርዝሩ ልታወጣ ነበር። ሰምቶ ቢሮ ድረስ መጣ። «ልጄ፣ ጆሮዬ ገና ጡረታ አልወጣም» አላት። «ተዪኝ እዚያው።» ተወችው።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ያን ማለዳ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ ወጣሁ። «እንዴት አደርክ?» አልኩት፤ «ደህና» አለኝ። «ደህና ነህ?» አልኩት፤ «ደህና፣ ሂጂ ይረፍድብሻል» አለኝ። ሦስተኛውን አልጠየቅኩም። ከቅዳሴ በኋላ ሄሮን ሰፈር ወደምትኖር አራስ ዘመዴ ልሄድ፣ እስከ ቀትር ልቆይ አስቤ ነበር።

ቅዳሴው መካከል ነጠላዬ ሥር ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ተውኩት። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ወደ ግቢው ወጣሁ። ኢፍራህ ነበረች።

«ማማ ጽጌ፣ ይቅርታ፣ ጸሎት ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጋሽ ገዛኸኝ ዛሬ አልመለሰም። ስደውልም አያነሳም።»

«ተኝቶ ይሆናል።»

«እሺ… ማማ ጽጌ፣ እሱ ግን ዘልሎ ያውቃል?»

አያውቅም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ መንገድ ወጣሁ። የታክሲው ሹፌር ፊቴን አይቶ ቤታችን ያለበት ጋቦዴ ድረስ በፍጥነት ነዳ።

አልጋውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሕይወቱ አለች። መነጽሩን አድርጓል፤ ስልኩ እጁ ውስጥ ነው፤ ሪፖርቱ ተከፍቷል። ጎረቤት አምቡላንስ ጠራ። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ክሊማው በላያችን ይነፍሳል።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሪፖርቱ።»

ፈገግ አለ መሰለኝ። ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ «አልመለስኩም» አለ።

«እኔ እመልሳለሁ» አልኩት።

አርባ ደቂቃ ያህል እጁ በእጄ ነበረ። አምቡላንሱ መጥቶ በወሳንሳ ሲያወጡት አረፈ።

በዚህ ነገር መደነቅ አላቆምኩም። ማሽኑ ገዛኸኝን አያውቀውም፤ አይወደውም። አንድ ባዶ መስመር አየ፣ ባዶውንም ለሰው ነገረ፤ በቃ። እንዲያይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ እሳቸውን ያስተማራቸው በረሃ ውስጥ በየሰዓቱ ‹ሰማሁ› የሚል፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ነው። የወይዘሮ ፈቲያም ጥያቄ እዚያ ውስጥ አለ። ያ ኮንቴይነር ባይበላሽ ኖሮ እሑድ ማንም አይደውልልኝም ነበር። በሰዎች ጉዳት የተገዛ አርባ ደቂቃ መሆኑን አውቃለሁ። አመሰግናለሁ ስል አንገቴን ደፍቼ ነው።

ከአርባው ተዝካር በኋላ ኢፍራህ መጣች። እንዴት ነሽ አለችኝ፤ ደህና አልኳት። ደህና ነሽ አለች፤ ደህና አልኩ። ሦስተኛውን ስትጠይቀኝ ማን እንዳስተማራት ገባኝ፤ እኔው ነኝ። ካለቀስኩ በኋላ ስሙን ከዝርዝሩ ታውጣው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አውጪው» አልኩ። «በእሱ ቦታ የእኔን አስገቢ።»

ሪፖርቱ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል። መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ «ደርሶኛል» ብዬም እመልሳለሁ።